ከወንጌል ኅዳግ እስከ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ፦ የመሬት መዝገብና የጽሕፈቱ ሥርዓት በደቡብ ጎንደር

በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ሁሉ የጸና ነው ብሎ ማመን የቆየ ልማድ ነው። የመዝገብን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ለተከታተለ ሰው ግን መጻፍ አንድ ሥራ፣ የተጻፈውን ማጽናት ደግሞ ሌላ ሥራ መሆኑ ይገለጽለታል። ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ አንድ መስመር ለማስፈር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ያ መስመር ባለይዞታውን ከሙግት የሚታደገው፣ ወራሹን የሚያስወርሰውና ለዳኛ ማስረጃ የሚሆነው ግን ምስክር ሲቆምለት፣ ሥልጣን ያለው አካል ሲቀበለውና ቀድሞ ከተጻፈው ጋር ሳይጋጭ ሲቀር ነው።

ይህ እውነት በብራና ዘመን እንደ ነበረ በኮምፒዩተር ዘመንም አልተለወጠም። የዛሬው የባንክ፣ የመድን፣ የደመወዝና የመሬት አስተዳደር ፕሮግራም አዲስ መዝገብ በመረጃ ቋት ሠንጠረዥ ላይ የሚያሰፍረው በአብዛኛው «ኢንሰርት» በሚባለው የኤስኪውኤል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲታይ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ናት። በስተጀርባዋ ግን የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና የቀበሌው ኮሚቴ በየዘመናቸው የተሸከሙት ኃላፊነት አለ። ስለዚህ የዚህችን ትእዛዝ ታሪክ በውጭው ዓለም ብቻ ከመፈለግ፣ መሬት ከሀብት ሁሉ የከበረ ሆኖ በኖረበት በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ከቆየው የመዝገብ ልማድ ጋር አቀራርቦ መመልከቱ ለሙያው ባለቤቶች ይጠቅማል።

በወንጌሉ ኅዳግ

ደብረ ታቦር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በራስ ጉግሣ ተቆርቁራ፣ የራስ ዓሊ መናገሻ ሆና የቆየች፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ከመናገሻዎቻቸው አንዷ ያደረጓት ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው ጋፋት ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ያሠሩበት ስፍራ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። ከመድፉና ከጦሩ ታሪክ ጎን ለጎን ግን ብዙ ያልተወራለት ሌላ ሥራ በዚያው በበጌምድር ምድር ይካሄድ ነበር፤ ይኸውም የመሬት መዝገብ ነው።

በዚያ ዘመን ለብቻው የቆመ የመዝገብ ቤት አልነበረም። የመዝገቡ ስፍራ በየአድባራቱ የሚገኘው የወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ነበር። የጉልት ስጦታ፣ የሪም ድልድል፣ የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜና የሙግት ፍጻሜ በዚያ ይሰፍር ነበር። እነዚህን ጽሑፎች በብዛት መርምሮ የመሬትንና የኅብረተሰብን ታሪክ በእነርሱ ላይ የመሠረተው ምሁር ዶናልድ ክረሚ ሲሆን፣ ሰፊው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል።

የአንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አካል ሲመረመር ጸሐፊው ስም ብቻ አስፍሮ እንደማያበቃ ይታያል። ሻጭና ገዢ በስማቸው ይጠራሉ፤ የተከፈለው ዋጋ ይገለጻል፤ ጊዜው በዘመኑ ሹማምንት ስም ይታወቃል፤ ይኸውም እገሌ አለቃ፣ እገሌ ገበዝ ሳለ እየተባለ ነው። ዋሶችና እማኞች ይዘረዘራሉ። ብዙ ጊዜም ይህን ቃል ያፈረሰ እንዲወገዝ በሚያዝ የግዝት ቃል ይታሰራል። መጽሐፉ ራሱ የተቀደሰና በቤተ ክርስቲያን የሚጠበቅ በመሆኑ፣ በድብቅ ገብቶ አንድ መስመር መጨመር ቀላል አልነበረም። የጽሑፉ ጽናት የመነጨው ከጸሐፊው ብዕር ሳይሆን በዙሪያው ከቆሙት ጠባቂዎች ነው።

ይህን ሥርዓት ከሚገባው በላይ ማሞገስ ግን ተገቢ አይሆንም። ብራና ይፋቃል፤ መሬቱን በእጁ የሚያርሰው ባላገር ስምም ብዙ ጊዜ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ጥናት ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ በነበረው ጊዜ የበጌምድር ሴቶች በራሳቸው ስም ንብረት ሲይዙ፣ ሲወርሱና ሲሟገቱ እንደ ነበረ አሳይቷል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ በመሆኑ፣ የሴቲቱ ስም በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ከባል ስም ጋር እንደ ተቀጥላ ተያይዞ ሳይሆን ለብቻው ቆሞ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ነጥብ ከታች ወደ ኮምፒዩተሩ ሠንጠረዥ ስንደርስ ተመልሶ የሚነሣ ነው።

የቤተሰብ ኃላፊ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የጥንቱን የመሬት ሥሪት ከሥሩ ነቀለው። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ የሚደርሰውም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ድልድሉን እንዲያከናውኑ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ናቸው። መዝገቡም ከደብሩ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ የሚኖረው ገበሬ ከዚያ በኋላ ይዞታውን የሚያስረዳው የአባቶቹን የትውልድ ሐረግ ቆጥሮ ሳይሆን ስሙ በማኅበሩ ዝርዝር ላይ መስፈሩን በማመልከት ሆነ።

የዚህ ዝርዝር መሠረቱ ቤተሰብ ነበር፤ የቤተሰቡ ስም ሆኖ የሚጻፈውም በአብዛኛው የኃላፊው፣ ማለትም የባል ስም ነው። ሚስትና ልጆች በቁጥር ይታሰባሉ እንጂ በስም አይጠሩም። ለድልድል ሥራ ይህ አመቺ ነበር። ባል ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ ወይም ሁለተኛ ጋብቻ ሲመጣ ግን ዝርዝሩ ምንም የሚመሰክረው ነገር አልነበረውም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም የይዞታው ጥያቄ ምን ያህል በጥራት ባልተያዘ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ቆየ ያስታወሰ ድርጊት ነው። የማኅበሩ ዝርዝር ይዞታ በተለወጠ ቁጥር የማይታደስ በመሆኑ፣ ነገሩ በአመዛኙ በሽማግሌዎች ትዝታ ላይ ወደቀ።

ቋንቋ በቋንቋ ውስጥ

መሬት በአዲስ መልክ በተመዘገበበት በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የመዝገብ አያያዝ በሌላ አቅጣጫ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ የንግድና የአስተዳደር ሥራ ዋና ቋንቋ የሆነው ኮቦል ነው። በኮቦል የተጻፈ ፕሮግራም አንድ አዲስ መዝገብ በማግኔት ክር ወይም በዲስክ ላይ ሲጽፍ፣ የመዝገቡ ቅርጽ፣ ርዝመትና ቅደም ተከተል በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ ይገለጻል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ፋይል ለመጠቀም ቢፈልጉ ሁለቱም ፕሮግራሞች ያንኑ ቅርጽ መያዝ ነበረባቸው። አንድ ዐምድ ቢጨመር ሁሉም እንደ ገና ይጻፋሉ። ስሕተት ያለበት መዝገብ እንዳይገባ የሚከለክለውም ፕሮግራሙ ብቻ ነው። አንዱ ፕሮግራመር የተጠነቀቀበትን ሌላው ቢዘነጋው ፋይሉ የሚመልስበት አቅም አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዦች አደራጅቶ፣ ተጠቃሚውን ከውስጣዊ አቀማመጡ ነጻ የሚያደርግ ሐሳብ አቀረበ። በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲክወል የተባለውን ቋንቋ አስተዋወቁ፤ ስሙም በኋላ በንግድ ምልክት ምክንያት ወደ ኤስኪውኤል ተለወጠ። ይህ የሆነው የመሬት አዋጁ ከመታወጁ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። ሁለቱን ድርጊቶች የሚያገናኝ ነገር አልነበረም፤ በደብረ ታቦር ወረዳዎች የተገናኙት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ኤስኪውኤል የተወለደው ሰው በቀጥታ ጠይቆ መልስ እንዲያገኝበት ነበር። የንግድ ሥራ ግን በጥያቄና መልስ ብቻ አይካሄድም። ደሞዝ የሚያሰላ፣ ሒሳብ የሚዘጋ፣ ግብር የሚተምን ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ለዚህም ኮቦልና የመሳሰሉት ቋንቋዎች ተመራጭ ነበሩ። ስለሆነም የአይቢኤም ተመራማሪዎች «ሲስተም አር» በተባለው ሙከራቸው ውስጥ አዲሱን ቋንቋ በአሮጌው መካከል የመትከል ዘዴ ቀየሱ። ፕሮግራመሩ በኮቦል ሲጽፍ ቆይቶ ወደ መረጃ ቋቱ መግባት ሲፈልግ ልዩ ምልክት አኑሮ የኤስኪውኤል ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ፕሪኮምፓይለር የተባለ ፕሮግራም አስቀድሞ ያነበውና የተተከለውን ዐረፍተ ነገር ኮቦል በሚገባው ጥሪ ይለውጠዋል። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ1979፣ የአይቢኤም ዲቢ2 ደግሞ በ1983 ለገበያ ቀርበዋል፤ ቋንቋውም በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በዚህ መንገድ በሌላ ቋንቋ ውስጥ የተተከለው ኤስኪውኤል በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራሞች ውስጥ ሰፊ ስፍራ ያዘ።

የአንዲት ትእዛዝ አካል

በኮቦል ፕሮግራም ውስጥ የተተከለች የማስገቢያ ትእዛዝ የምትጀምረው «ኤክሴክ ኤስኪውኤል» በሚል መክፈቻ ሲሆን የምትዘጋውም «ኤንድ ኤክሴክ» በሚል ነው። በመካከሉ የሠንጠረዡ ስም፣ የዐምዶቹ ስምና በየዐምዱ የሚገባው ዋጋ ይዘረዘራል። ዋጋው የሚመጣው ከራሱ ከኮቦሉ ፕሮግራም ማከማቻ ስለሆነ፣ የዚያ ማከማቻ ስም በፊቱ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። ሁለቱ ነጥቦች አንዱን ዓለም ከሌላው የሚለዩ ድንበር ናቸው፤ ከእነርሱ በኋላ ያለው ስም የፕሮግራሙ ነው፣ ያለ እነርሱ የተጻፈው የሠንጠረዡ ነው።

ትእዛዙ ከተላከ በኋላ የመረጃ ቋቱ ውጤቱን በቁጥር ያሳውቃል። ዜሮ ከሆነ ሥራው ተፈጽሟል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ትእዛዙ አልተፈጸመም። ለምሳሌ ያህል በዲቢ2 አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዲገባ ቢሞከር 803 ከመቀነስ ምልክት ጋር ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ጥፋት አለ። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር ሳይመለከት ወደሚቀጥለው ሥራ ካለፈ፣ በማያው ላይ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል ይታያል፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን አንዳች ነገር የለም። ባለጉዳዩ ስሙ ተጽፎልኛል ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዓመታት በኋላ ሙግት ሲነሣ ብቻ ነው ያልተጻፈ መሆኑ የሚታወቀው።

ሁለተኛው ነገር ባዶነት ነው። የመረጃ ቋት «ነል» ብሎ የሚጠራው ሁኔታ ዜሮም አይደለም፣ ክፍት ቦታም አይደለም፤ ያልታወቀ ወይም የሌለ ማለት ነው። ኮቦል ይህን ሐሳብ ስለማያውቀው፣ በተተከለው ትእዛዝ ውስጥ ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን ጠቋሚ የተባለ ሌላ ማከማቻ ይደረጋል። ጠቋሚው ከዜሮ በታች ከሆነ ዋጋው ያልታወቀ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ያልታወቀ ስም እንደ ክፍት ቦታ ተቆጥሮ ይገባል፤ ከዚያም ወዲያ «ስሟ አልተጠየቀም» እና «ሚስት የለውም» የሚሉት ሁለት የተለያዩ እውነቶች በመዝገቡ ላይ አንድ ይሆናሉ።

ሦስተኛው አንድነት ነው። አባት ለልጁ መሬት ሲያወርስ ቢያንስ ሁለት ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ የአባት መብት ይዘጋል፣ የልጅ መብት ይከፈታል። በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋ መሬቱ ወይ የማንም አይሆንም፣ ወይ የሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ላይ ታስረው፣ ሁሉም ከተሳካ «ኮሚት» በሚለው ቃል ይጸናሉ፤ አንዱ ካልተሳካ «ሮልባክ» በሚለው ሁሉም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። የወንጌሉ ኅዳግ ጸሐፊ የዋሶችን ስም ሳይጽፍ ገጹን እንደማይዘጋ ሁሉ፣ እዚህም ማስገባትና ማጽናት በሁለት ቃላት ተለይተው ተቀምጠዋል።

የይዞታ ደብተር

አማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 46ን አውጥቶ የገጠር መሬት አስተዳደርን በሕግ ደነገገ፤ ሥራውን የሚመራ ባለሥልጣንም በባሕር ዳር አቋቋመ። በኋላም በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252 ተከታትለው ወጡ። የይዞታ ምዝገባው በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ከተሞከረ በኋላ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ በመላው ክልል ተካሄደ።

በመጀመሪያው ዙር ካርታ አልነበረም። ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ከሽማግሌዎችና ከአዋሳኞች ጋር ማሳውን ዞሮ ይለካል፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ማን እንደሚያዋስነው ይጻፋል። ከዚያም ጽሑፉ በወረዳው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል። በዚህ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ነበር። በማኅበሩ ዝርዝር ላይ በቁጥር ብቻ የታሰበችው ሴት በመልኳና በስሟ ወደ መዝገቡ ተመለሰች። በሁለተኛው ዙር ደግሞ በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል እየታገዘ የየማሳው ካርታ ተዘጋጅቷል፤ ለዚህም የእንግሊዝና የፊንላንድ መንግሥታት ድጋፍ ሰጥተዋል።

በሚሊዮን የሚቆጠር ማሳ በእጅ መዝገብ ብቻ ሊያዝ እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህ በክልሉ ኢስላ የተባለው፣ በኋላም በአገር አቀፍ ደረጃ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ተዘረጋ። የዛሬ ሥርዓቶች የሚጻፉባቸው ቋንቋዎች ከኮቦል የራቁ ናቸው፤ ትእዛዟም በብዙ መልክ ተሸፍና ትመጣለች። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ወደ መረጃ ቋቱ የሚደርሰው ያው የማስገቢያ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከላይ የተነገሩት የውጤት ቁጥር፣ የባዶነትና የአንድነት ጉዳዮችም አብረውት ይሄዳሉ። በእነዚህ ላይ ከራሳችን አገር የመነጩ ሁለት ችግሮች ይታከላሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። አማርኛ በድምፅ አንድ፣ በመልክ ልዩ ልዩ የሆኑ ፊደላት አሉት። ኃይሉ ተብሎ የተጻፈው ሰው በሌላ ቅጽ ላይ ሀይሉ ተብሎ ቢመጣ ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለመረጃ ቋቱ ግን ሁለት ሰው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ይህም ፊደሉን በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አንድ አደረገው፤ የአጻጻፉን ልዩነት ግን አላስቀረውም፣ ሊያስቀረውም አይችልም። በቤተሰብ ስም የማይጠራ ሕዝብ ባለበት አገር፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በራሱም በአባቱም ስም የሚመሳሰል ሰው ሞልቷል። ስለሆነም ስም ብቻውን መለያ ቁልፍ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ቀን ነው። የመረጃ ቋት የቀን ዐምድ የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጸሐፊው ጥቅምት 30 ቀንን፣ ሁለተኛ ወር ነው ብሎ እንዳለ ቢያስገባው ቋቱ ይመልሰዋል፤ በእርሱ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውምና። ጳጉሜንንም አያውቃትም። እነዚህ የሚመለሱት ጉዳት የላቸውም፤ ስሕተታቸው ወዲያው ይታወቃል። የሚያስፈራው ቋቱ የሚቀበለው ነው። ኅዳር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. እንዳለ በቁጥር ቢገባ ቋቱ ማርች 5 ቀን 1998 ብሎ አለ አንዳች ተቃውሞ ያሰፍረዋል። በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ የተሳሳተ ቀን እንደ እውነተኛ ሆኖ ይቀመጣል። የውርስ ክርክር ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደ ተመዘገበ የሚጠየቀው ከዚሁ ዐምድ ነው።

ረድፍ ወይስ ዐምድ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ትእዛዟ ከመጻፏ አስቀድሞ ሠንጠረዡ ሲነደፍ የሚወሰነው ነው። ሚስት በሠንጠረዡ ላይ የምትሰፍረው እንደ ዐምድ ነው ወይስ እንደ ረድፍ?

አንድ ነዳፊ የወረቀቱን ቅጽ እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር ያዛውራል እንበል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ረድፍ ይሆናል፤ በረድፉም ውስጥ የባለይዞታው ስም፣ የባለቤቱ ስምና የማሳው ስፋት ይሰለፋሉ። ማስገባቱ ቀላል ነው፤ አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች። ሚስት በዚህ ንድፍ የባሏ ረድፍ አንድ ዐምድ ናት። ዐምዱ ባዶ እንዲሆን ከተፈቀደ ስሟ ሳይጠየቅ ሊታለፍ ይችላል። በፋርጣ ደጋ ገብስና ድንች እያመረተ የሚኖር አንድ ገበሬ ቢሞትና የእርሱ ረድፍ ቢሰረዝ እርሷም አብራ ትሰረዛለች። ቢፋቱ ግማሹን ለእርሷ የሚጽፍበት ስፍራ የለም። ሌላ ቢያገባ የሁለተኛዋ ስም በፊተኛዋ ላይ ይጻፋል፤ የፊተኛዋም ምልክት አይቀርላትም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ፕሮግራሙም እንደ ታዘዘ ሠርቷል።

ሌላው ነዳፊ ሦስት ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። አንዱ የሰዎች፣ ሁለተኛው የማሳዎች፣ ሦስተኛው ሰውን ከማሳ የሚያገናኘው የመብት ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የመሬት አስተዳደር ደረጃ፣ አይሶ 19152፣ የሚከተለውም ሰውን፣ መብትንና መሬትን የሚለየውን ይህን አካሄድ ነው። በዚህ ንድፍ ባልም ሚስትም በሰዎች ሠንጠረዥ ላይ የየራሳቸው ረድፍና የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ በመብት ሠንጠረዡ ላይም ሁለት ረድፍ ከነድርሻቸው ይገባል። የውጭ ቁልፍ የተባለው ሕግ በማሳዎቹም ሆነ በሰዎቹ ሠንጠረዥ የሌለ ቁጥር በመብቱ ላይ እንዳይጻፍ ይከለክላል። ባል ሲሞት የሚዘጋው የእርሱ የመብት ረድፍ ብቻ ነው። የእርሷ ረድፍ ባለበት ይቆያል። የእርሷን መብት ለማቆየት ማንም ሰው ምንም መሥራት አያስፈልገውም፤ ለማጥፋት ግን አንድ ሰው አስቦበትና ስሙን አስመዝግቦ መሥራት አለበት። የሁለቱ ንድፎች ልዩነት በአጭሩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ንድፍ ዋጋ ያስከፍላል። በአንዲት ትእዛዝ ፈንታ ቢያንስ አምስት ይጻፋሉ፤ ሁለት ለሰዎቹ፣ አንድ ለማሳው፣ ሁለት ለመብቱ። ሁሉም በአንድ «ኮሚት» መታሰር አለባቸው። ጸሐፊው ብዙ ይጠይቃል፣ ሥራውም ይዘገያል። የሥራው መለኪያ በቀን ስንት መዝገብ ገባ የሚል ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ንድፍ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ስለሆነም ጉዳዩ የነዳፊው ብቻ ሳይሆን የሥራ ኃላፊውም ጭምር ነው፤ ፍጥነት በሪፖርት ላይ ወዲያው ይታያል፣ የጎደለው ረድፍ ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ነው።

ይህን ንድፍ ከውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ አድርጎ መመልከትም ስሕተት ይሆናል። የበጌምድር ርስት በአባትና በእናት በኩል ይወረድ ስለ ነበር፣ ለየሰው የየራሱን መብት መቁጠር ለአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ሁሉን በአንድ የቤተሰብ ኃላፊ ስም መጠቅለል ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ሦስቱ ሠንጠረዦች በአሠራራቸው ለወንጌሉ ኅዳግ ይቀርባሉ፤ አንዱ ሠንጠረዥ ግን ከገበሬ ማኅበሩ ዝርዝር ብዙም አይለይም።

የመጨረሻው ምስክር

የመረጃ ቋት ሕግ የሚያውቀው ልክ አለ። የሚስት ረድፍ አለመጉደሉን ያረጋግጣል፤ የተጻፈችው ሴት እርሷ መሆኗን ግን አያውቅም። የማሳው ቁጥር አለመደገሙን ያውቃል፤ ድንበሩ በጎረቤት መሬት ላይ አለማለፉን ያለ ካርታ አያውቅም፣ ካርታም ቢኖር የቆየውን የውርስ ክርክር አያውቅም። ይህን የሚያውቁት አብረው የኖሩት ናቸው። በምዝገባው ሥርዓት ውስጥ የተሰበሰበው መረጃ ከመጽናቱ በፊት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ እንዲታይና ቅሬታ ያለው እንዲያሰማ መደረጉ ለዚህ ነው። ጊዜ ያጠረ ሲመስል በቅድሚያ የሚታለፈውም ይኸው ክፍል ነው፤ በፕሮግራሙ ላይ ምንም የስሕተት ቁጥር ስለማይመልስ ጉድለቱን ማንም አያስተውለውም።

ስለዚህ የመሬት መዝገብ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ በሥራው ላይ ሊፈጽማቸው የሚገቡት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የውጤቱን ቁጥር ሳይመለከት አይለፍ። ያልታወቀውን ከሌለው ይለይ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀብሎ እርሱ ራሱ ይለውጠው። አብረው መጽናት ያለባቸውን አብሮ ይሰር። ለእያንዳንዱ ባለመብት ረድፍ ይስጥ። ከዚያም የገባው መዝገብ በሕዝብ ፊት ተነብቦ እስኪታረም ድረስ ያልጸደቀ መሆኑን የሚያመለክት ዐምድ ይኑረው፤ ያ ዐምድም በማስገቢያው ትእዛዝ ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቀን፣ በስም በተጻፈ ፈቃድ ብቻ ይለወጥ። የጥንቱ ጸሐፊ እማኞቹን ሳይጠራ ወንጌሉን አይገልጥም ነበር፤ የዛሬው ፕሮግራምም ጉናን ተደግፈው በሚገኙት ቀበሌዎች የሚኖሩት አዋሳኞች ሳይሰሙት መዝገቡን የጸደቀ ሊለው አይገባም።